በእናቴ ምዬ ያጣኋት እህቴ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «እህትህ ምን ሆና ነው የሞተችው?» ብሎ ጠይቆኛል። ለአንዳንዱ «ሆዷን አሟት» እላለሁ። ለአንዳንዱ «አንጀቷ ተዘግቶ» እላለሁ። ሁለቱም ውሸት አይደለም። ሙሉውን ግን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምጽፈው ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ነው። ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በቀጥታ ሱቅ ነው የገባሁት። ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

እህቴ ታደለች ትባላለች። እኛ ታዱ ነው የምንላት። እኔን በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ሲሞት እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ የነበረውን የመጋረጃ ሱቁን ተረክባ እናታችንንም እኔንም ያኖረችን እሷ ናት። ከከተማው ዳር ቱላ ካለው ቤታችን ጠዋት አብረን እንወጣለን፣ ማታ አብረን እንገባለን። እሷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች። እኔ ደግሞ መሰላል ተሸክሜ ሰው ቤት ሄጄ እሰቅላለሁ።

ታዱ ወፍራም ነበረች። ይህን ስጽፍ እሷን የማማት ይመስለኛል፤ ግን ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚጀምር ነው። ጉልበቷን ያማት ነበር። ስኳሯም ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። ሐኪሟ «ክብደት ካልቀነስሽ መድኃኒት ልንጀምርልሽ ነው» ብሏታል። እራት ተወች። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር መራመድ ጀመረች። እዚያ የሚሮጡ ልጆች «አይዞሽ ማዘር፣ ትደርሻለሽ!» እያሉ ሲያልፏት ጊዜ እሱንም ተወችው። ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር እኮ።

ባጃጅ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። ከኋላ ሦስት ሰው ነው የሚጭኑት። ታዱ ስትገባ ሹፌሩ በመስታወት እያያት «እናት፣ የሁለት ሰው ነው አይደል?» ይላታል። ሰው ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። ቤት ስንደርስ ግን ሳታዋራኝ ወደ ክፍሏ ትገባለች።

እማዬ የታዱ ውፍረት አይታያትም ነበር። ታዱ ልጅ ሆና በሽተኛና ከሲታ ነበረች አሉ። እማዬ ለጎረቤት ሁሉ «እንዲህ አድርጌ ነው ያወጣኋት» እያለች ነው የምታሳያት። ሌላም ነገር አለ። አባታችን የሞተው ለሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ገብቶ ነው። በእግሩ ሄዶ ገባ፣ ከዚያ አልወጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ ደም ግፊት ያዛት። ኦፕሬሽን የሚል ቃል እሷ ፊት ከተነሳ ራሷን ይዛ ትቀመጣለች። ሐኪሟም «እንዳታስደነግጧት» ብሎናል። እኛ ቤት ይህ እንደ ሕግ ነበር። መጥፎ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው እማዬ እንዳትሰማ ነው።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ታዱ «ቤኪ፣ ና እስቲ ይህን እይ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ክብደት ለመቀነስ ሆድ ሳይቀደድ የሚሠራ ሕክምና ነው። ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብተው ጨጓራ ውስጥ ፊኛ ያስቀምጣሉ። ፊኛውን በውሃ ይሞሉታል። ቦታ ስለሚይዝ ሰው ትንሽ በልቶ ይጠግባል። ስድስት ወር ሲሞላው በዚያው በአፍ መልሰው ያወጡታል።

«ፊኛ?» አልኳት።

«አዎ ፊኛ።»

«የልደት?»

በእጇ በያዘችው የመጋረጃ ጨርቅ ጀርባዬን መታችኝ። «አንተ ከሲታ ስለሆንክ አይገባህም» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን «ቢላ እኮ አይነካኝም ቤኪ። እንደ አባዬ አይደለም» አለች። ያኔ ከልቧ እንደሆነ ገባኝ።

«እማዬስ?»

«እማዬማ አትሰማም።»

ለእማዬ ዕቃ ልናመጣ ነው ብለን አዲስ አበባ ሄድን። ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘናት ሐኪም ትዕግሥት ያላት ሴት ናት። ፊኛውን ሳይሞላ አሳየችን፤ የታጠፈ የላስቲክ ጓንት ይመስላል። «የምንሞላው ውሃ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም አለበት» አለች። «ፊኛው ድንገት ቢቀደድ ቀለሙ በሽንት ይወጣል። ሽንትሽ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ። እኛ ጋ መምጣት ካልቻልሽ እዚያው ሐዋሳ ሂጂና ይህን ካርድ አሳዪያቸው። የተቀደደ ፊኛ ወደ አንጀት ወርዶ ሊዘጋ ይችላል። ስድስት ወሩ ሲሞላም አይታለፍም፤ መጥተሽ ይወጣል።»

ሁለታችንም ሰምተናል። ይህን የምጽፈው አልነገሯቸውም እንዳይባል ነው። ነግረውናል። ይህን ሕክምና አድርገው ደህና የሆኑ ብዙ ሰዎች እንዳሉም አውቃለሁ፤ ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን የተቀመጠች ሴትዮ ልታስወጣ የመጣች ነበረች፣ የድሮ ፎቶዋን እያሳየችን ስትስቅ ነበር።

ገብታ እስክትወጣ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከዚያ ሦስት ቀን ፔንሲዮን ተኛን። ውሃ በማንኪያ ነበር የምትጠጣው፤ እሱንም ትመልሰዋለች። አንዴ ባልዲ አቅፋ ቁጭ ብላ «ቤኪ፣ ምን አባቴ ቆርጦኝ ነው?» አለችና ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። በአራተኛው ቀን ተሻላት። አውቶቡስ ተሳፍረን ተመለስን።

ሻሸመኔ ላይ አውቶቡሱ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ታዱ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቤኪ፣ ማልልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ለማንም አልናገርም በል።»

«ታዱ ትሙት አልናገርም።»

«በእኔ አይደለም። በእኔማ ታሾፋለህ። በእማዬ ማል።»

ፓስተራችን «አትማሉ» ብለው ስንት ጊዜ አስተምረዋል። እኛ ግን ያደግነው በመሐላ ነው። ገበያ ላይ ይማላል፣ ቤት ውስጥ ይማላል። በተራ ነገር የሚማለው ይረሳል። የምትወደውን ሰው ስም ጠርተህ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየህ «ይሙት» ካልክ ግን እሱ ሌላ ነው። ያንን ካፈረስክ በጠራኸው ሰው ላይ ይደርሳል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ዝም ብዬ አውቀዋለሁ።

«እማዬ ትሙት፣ አልናገርም» አልኳት።

ክንዴን ለቀቀችኝ። «ተባረክ» አለችኝና ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኛች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት ጥሩ ነበሩ። ልብሶቿ እየሰፉ መጡ። ጉልበቷ ተሻላት። የመጋረጃ ጨርቅ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ አየኋት። አንድ ቀን ከእኔ ቀድማ ቤት ገብታ ነበር፤ እኔ ስደርስ በር ላይ ጠበቀችኝና «ቤኪ! ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ! ሹፌሩ ምንም አላለኝም፣ ዞር ብሎም አላየኝ!» አለችኝ። እየጮኸች ነው የነገረችኝ። አንድ ባጃጅ ነጂ ዞር ብሎ ስላላያት እንደዚያ የተደሰተች ሴት አይቼ አላውቅም።

ለሰው የምትለው ግን ያስፈልጋታል። ከሱቃችን ቀጥሎ ምንጣፍ የሚሸጡት ጋሽ ሸምሱ «ታደለች፣ ዘንድሮ ከእኛ ቀድመሽ ሮመዳን ያዝሽ እንዴ?» ይሏታል። ገበያ ውስጥ «ምን በሽታ ነካት?» የሚሉም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ስትጠየቅ «ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አለች። ኳየር ውስጥ ስለምትዘምር ሁሉም አመናት። የሴቶች ኅብረት መሪዋ ሰው ፊት «እንደ ታደለች ጸልዩ» አሉ። በዚያ ቀን ቤት መጥታ አለቀሰች። «ቤኪ፣ ሐሰተኛ አደረግኩት እኮ ራሴን። ይውጣልኝና እነግራቸዋለሁ» አለች።

ስድስተኛው ወር ሲሞላ እማዬ ታመመች። ግፊቷ ወጣባትና አልጋ ያዘች። ታዱ ከሱቅ ቀርታ እሷን ታስታምም ገባች። «ታዱ፣ ስድስት ወር ሞላ እኮ» አልኳት። «አውቃለሁ፣ እማዬ ትነሳና» አለችኝ። ሁለት ሳምንት አለፈ። «ታዱ» አልኳት። «እሺ አልኩህ አይደል? እሷን ለማን ጥዬ ልሂድ?» አለች። እማዬ ስትነሳ ደግሞ የሠርግ ወቅት ሆኖ የመጋረጃ ትእዛዝ በዛ። ሦስተኛ ጊዜ አልነገርኳትም። ደህና ስለነበረች ረሳሁት ማለት ይሻላል። ሰባት ወር አለፈ።

አንድ እሑድ ኳየሩ እየዘመረ ታዱ ሆዷን ይዛ ከመድረክ ወረደች። ያስመልሳት ጀመር። ሰኞ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ጨጓራና ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት። እሷም «ታይፎይድ ነው አሉኝ» ብላ የተረጋጋች መሰለች። ማክሰኞ ሆዷ ተነፋ። የጠጣችው ውሃ እንኳ አልቀመጥ አለ። ሆስፒታል አስተኛናት።

ከሰዓት በኋላ ያያት ሐኪም ወጣት ነው። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የታዱን እግር ታሻለች። ሐኪሙ ብዙ ነገር ጠየቀ። ከዚያ «ከዚህ በፊት ሆድሽ ላይ የተደረገ ሕክምና አለ?» አላት።

ታዱ እማዬን አየች። «የለም» አለች።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሟ ነህ? የምታውቀው ነገር አለ?»

ታዱ እኔን አየችኝ። ያ አስተያየት አሁንም ከፊቴ አልጠፋም።

«የለም» አልኩት።

ራጅ አነሷት። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገቡ፣ ግሉኮስ ሰቀሉ። ሐኪሙ «አንጀቷ አልሠራ ብሏል፤ ለምን እንደሆነ ገና አላወቅንም። እያየን እንቆይ» አለን። እኔ ስለ ፊኛው አላሰብኩም አልልም። አስቤያለሁ። ግን ቢቀደድ ሽንቷ ይለወጥ ነበር፣ ካልተለወጠ እሱ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሽንቷን ማን ያየዋል? እህት ለወንድሟ ሽንቴ እንዲህ ሆነ ትላለች? ከዚያ በፊት እሷ አይታው እንደሆነ፣ አይታ ፈርታ ዝም ብላ እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ እማዬ ፖፖውን ደፍታ ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት።

«ቤኪ፣ ሽንቷ ምን ሆኖ ነው? ቅጠል የተቀቀለበት ውሃ መሰለ እኮ። የሰጧት መድኃኒት ይሆን?» አለችኝ።

የክሊኒኳ ሐኪም ያስጠነቀቀችን አረንጓዴ ነው። እማዬን አየኋት። ከእሑድ ጀምሮ ጎኗ ምድር አልነካም። እግሯ አብጧል፤ ጫማዋን ረግጣው ነው የምትሄደው። እዚያው ብናገር እዚያው የምትወድቅ መሰለኝ። መሐላውም አለ። ግፊቷና መሐላው አንድ ላይ ሆኑብኝ። ብናገር እማዬ ትሞታለች። በዚያች ሰዓት ይህን ልክ እንደ ስሜ ነበር የማውቀው።

«መድኃኒቱ ይሆናል» አልኳት።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ካርዱ! ክሊኒኩ የሰጣትን ካርድ አምጥቼ ለሐኪሙ ብሰጠው እኔ ምንም አልተናገርኩም። የነገረው ካርዱ ነው። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን እግዚአብሔር መንገድ ያሳየኝ ነበር የመሰለኝ። ወረቀት ላይ ጽፌ ልስጠው የሚለውም መጥቶልኝ ነበር። በእጄ ከጻፍኩት ግን እኔው ነኝ የተናገርኩት ብዬ ተውኩት።

ታዱ የት እንደደበቀችው ባላውቅም እየሮጥኩ ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ ሱቅ ሄድኩ። መሳቢያውን ገለበጥኩት። የደረሰኝ ጥራዞቹን አራገፍኩ። ጥቅል ጨርቆቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። ጋሽ ሸምሱ ድምፅ ሰምተው መጡ።

«ልጄ፣ ታደለች እንዴት ናት? ምን ትፈልጋለህ?»

«ወረቀት ነው፣ ጋሽ ሸምሱ።»

«የምን ወረቀት?»

ሌላ ጥቅል አወረድኩ።

«እሺ ምን ይመስላል? ልርዳህ።»

«ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው።»

ዙሪያውን አዩ። ሱቁ ሁሉ ነጭ ትንንሽ ወረቀት ነው፤ የልኬት፣ የስልክ ቁጥር፣ የደንበኛ። ምን እንደሆነ የማያውቁትን ወረቀት ጎንበስ ብለው አብረውኝ ፈለጉ። ላባቸውን እየጠረጉ አንድ ሰዓት ያህል ፈለጉ። በኋላ ቀና አሉና «በረከት፣ እህትህ ታማ ተኝታ እዚህ ምን ትሠራለህ? ወረቀቱ ከሌለ በአፍ አይነገርም?» አሉኝ። ምን እንዳሉኝ እሳቸው አያውቁም።

ከዚያ ቱላ ሄድኩ። ቤት ገብቼ የእሷን ቁም ሣጥን ከፈትኩ። የኳየር ልብሷን ኪስ፣ የጫማ ካርቶኖቿን፣ ፍራሹ ሥር ሁሉ አየሁ። የእህቴን ልብስ እያነሳሁ ስወረውር አለቀስኩ። አላገኘሁትም። ካርዱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ባዶ እጄን ስመለስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሟል። በማዕረግ ከፍ ያለ ሌላ ሐኪምም አብሮት አለ። የታዱ ፊት ተለውጧል። ሆዷን ሲነኳት ጮኸች። ትኩሳቷ ከፍ ብሏል። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ሆዷ ውስጥ ፊኛ አለ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ክብደት ለመቀነስ አዲስ አበባ ያስገቡላት ፊኛ ነው። ሰባት ወር አልፎታል። ሽንቷ አረንጓዴ ሆኗል። ተቀዶ ወርዶ ይሆናል።»

ከፍ ያለው ሐኪም «ሽንቷ መቼ ነው የተለወጠው?» አለኝ።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው ያየነው።»

ሰዓቱን አየ። «ኦፕሬሽን ክፍል ደውሉ፣ አሁኑኑ!» ብሎ ወጣ።

እማዬን ለማየት ፈራሁ። ስትወድቅ ለመያዝ ግን ጠጋ አልኳት። እማዬ አልወደቀችም። ግድግዳውን ለቅቃ ቀጥ ብላ ቆመች። ነርሷ የስምምነት ወረቀት ይዛ መጥታ ለእኔ ስትዘረጋ እማዬ እጇን አስቀደመች። «እናቷ እኔ ነኝ፣ ወዲህ በይው» አለች። ኦፕሬሽን የሚለው ወረቀት ላይ ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈች፣ ፈረመች።

ታዱን በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዷት አብሬያት ተራመድኩ። ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

«ታዱ፣ ነገርኳቸው» አልኳት።

«እማዬስ?» አለችኝ።

«ደህና ናት። ይኸው ከኋላችን ናት።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ እኔና እሷ አላወራንም።

ፊኛው ተቀዶ፣ ወርዶ አንጀቷን ዘግቶታል። የተዘጋበት ቦታ ላይ አንጀቷ ሞቶ ተበስቷል። መርዙ ወደ ደሟ ገብቷል አሉን። ቆርጠው አወጡት። ሐሙስን ቆየች። ዓርብ ጠዋት አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ወጣቱን ሐኪም ፈልጌ ሄጄ ነበር። «ረቡዕ ጠዋት ብናገር ትተርፍ ነበር ወይ?» አልኩት። «ልዋሽህ አልፈልግም» አለኝ። «ማክሰኞ ብናውቅ ማክሰኞ ነበር የምንከፍታት። ትተርፍ ነበር ማለት ግን አልችልም። ማንም እንዲህ ነበር ብሎ ሊነግርህ አይችልም።» ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። ጥሩ ሰው ነው። ያለኝን ግን ሌት ተቀን እፈታዋለሁ፣ እቋጥረዋለሁ።

እማዬ ለሁለት ወር ምንም አልጠየቀችኝም። ለቅሶ የሚመጣ ሰው ሲኖር ታለቅሳለች፤ ሰው ሲሄድ ዝም ትላለች። አንድ ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ቁጭ ብለን ሳለ «ሽንቷን ስነግርህ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«የት ነበር የሄድከው እስከ ስምንት ሰዓት?»

ነገርኳት። ካርዱን፣ ሱቁን፣ ቁም ሣጥኑን።

«ለምን አፍህን ከፍተህ አትናገርም ነበር?»

«ምዬ ነበር።»

«በማን?»

ፊቴን አይታ ገባት።

«እኔ?» አለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «እኔ እኮ ኖሬያለሁ ልጄ። ወልጄያለሁ፣ አሳድጌያለሁ። እኔን ጥለህ እሷን አታነሳም ነበር?»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያለችኝ ይህን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ቀን የግፊት መድኃኒቷን አልወሰደችም። በማግሥቱም አልወሰደችም። ክኒኑን እንደሰጠኋት ትተኛለች፣ ስትነሳ ትራሷ ሥር አገኘዋለሁ። «እማዬ፣ ምንድን ነው የምትሠሪው?» አልኳት። «ለምን እውጠዋለሁ?» አለችኝ።

«ለእኔ» ልላት አፈርኩ። ከዚያ ታዱ ወደ ኦፕሬሽን ስትወሰድ ያለችኝን ነገርኳት። ለማንም ያልነገርኩትን። «መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ ስለ አንቺ ነው። ደህና ናት አልኳት» አልኳት። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ለክኒኑ እጇን ዘረጋችልኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመሄዴ በፊት ክኒኗንና ውሃ ይዤላት እገባለሁ። እስክትውጥ ቆሜ አያታለሁ። እሷም ስትውጥ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እናቴ በሕይወት አለች፣ ደስ ይለኛል። ግን ደስ ባለኝ ቁጥር ሕይወቷ በምን እንደ ተገዛ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ብርጭቆውን ተቀብያት እወጣለሁ።